ባለቤትም አለው፣ ግስም አለው፤ ታዲያ ምን ጎደለው?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂዋ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«የእንግሊዝኛ ድርሰት በጻፍኩ ቁጥር መምህሬ ዳር ላይ በቀይ ‹ፍራግመንት› (ጎዶሎ ዓረፍተ ነገር) እያለ ይመልስልኛል። ዓረፍተ ነገር ማለት ባለቤትና ግስ ያለው ነው ተብለን ነው የተማርነው። የኔዎቹ ሁለቱም አሏቸው። እንዲያውም አንዳንዱ ልክ ነው ከተባለው ይረዝማል። ምን ጎደላቸው? በምንስ ልለያቸው?»

ከጥያቄው ጋር አንድ አንቀጽ ልካለች። ይኸው። እንግሊዝኛውን በኛው ፊደል ጽፌዋለሁ፤ በጆሮ ቢሰማ ይሻላል ብዬ ነው።

«አይ ሊቭ ኢን ኮምቦልቻ። ቢኮዝ ማይ ፋዘር ወርክስ ሂር። ኢዝ ሆተር ዛን ደሴ። ኤቭሪ ሰንደይ ማይ ብራዘር ጎስ ቱ ደሴ። ቱ ቪዚት አወር ግራንድማዘር። ዘ ዉማን ሁ ሴልስ ኮፊ ኒር ዘ በስ ስቴሽን። ሺ ኖውስ ሂም ዌል። ዎኪንግ ፍሮም ዘ ስቴሽን ቱ ፒያሳ ኢን ዘ ሬይን። ሂ ኔቨር ኮምፕሌንስ።»

እህቴ፣ መጀመሪያ አብሽሪ። ዘጠኝ ቦታ ነጥብ አድርገሻል። አምስቱ ላይ ቀይ አርፎባቸዋል፦ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አምስተኛው፣ ስድስተኛውና ስምንተኛው። ግን የቃል ምርጫሽ ደህና ነው። ሐሳብሽም ይገባል። ከአምስቱ በአራቱ ጥፋቱ የነጥቡ ቦታ ብቻ ነው። በእርግጥ ቃል የጎደለው አንዱ ነው፤ እሱም አንዲት ትንሽ ቃል።

ደሴ እንግሊዝኛ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ይህን ስህተት ያላየሁበት ደብተር ጥቂት ነው። እኔም ተማሪ ሆኜ ስሠራው ነበር። የሚገርመኝ ግን በአማርኛ ማንም አይሠራውም። እስኪ ሁለተኛውን በአማርኛ በይው፦ «አባቴ እዚህ ስለሚሠራ።» አራት ነጥብ ታደርጊበታለሽ? አታደርጊም። ለአያትሽ እንዲህ ብለሽ ዝም ብትያቸው «ስለሚሠራ ምን?» ብለው ይጠብቁሻል። ስለዚህ ፍራግመንት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ከአፍ መፍቻሽ ጋር የመጣ እውቀት ነው። የቸገረው እውቀቱ እንግሊዝኛ ላይ ሲደርስ ዝም ማለቱ ነው።

ለምን ዝም እንደሚል ከማየታችን በፊት አንድ የቆየ ቃል ላንሳ። የአማርኛ መምህራችሁ «ማሰሪያ አንቀጽ» ሲሉ ሰምተሻል፤ ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ዋና ግስ ማለት ነው። ቃሉ የመጣው ከግዕዝ ሰዋስው ነው። ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ የሚነሳው የዋድላ ቅኔ ቤትም እዚሁ ወሎ ነው፤ እዚያ «ማሰሪያው የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም። ስሙ ራሱ ይናገራል። እንጨት ትለቅሚያለሽ፣ ትደረድሪያለሽ። ገመዱን ካልቋጠርሽው ግን ሸክም አይሆንም። መንገድ ላይ ይበተናል። ፍራግመንት ማለት ያልታሰረ እንጨት ነው።

ከዚህ የሚወጣው የመጀመሪያ ነገር ርዝመት ምንም እንደማይል ነው። «በርድስ ፍላይ» ሁለት ቃል ነው፤ ወፎች ይበራሉ። ታስሯል፣ ሙሉ ነው። ያንቺ ስድስተኛ ዘጠኝ ቃል አለው፤ አልታሰረም። ሁለት ጭራሮ ከታሰረ ሸክም ነው። ጉድ የሚያክል ክምር ካልታሰረ ክምር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በአማርኛ ሐሳቡ ጥገኛ እንደሆነ፣ ብቻውን እንደማይቆም የሚናገረው ምልክት የሚለጠፈው ግሱ ላይ ነው። «ይሠራል» ብለሽ ጀምሪና ተመልከቺ፦ ስለሚሠራ፣ ሲሠራ፣ ቢሠራ፣ እንዲሠራ፣ የሚሠራ፣ እየሠራ። ግሱ ራሱ መልኩን ይቀይራል። የሚቀየረውም መጨረሻ ላይ፣ ጆሮሽ በሚጠብቀው ቦታ ነው። ስለዚህ አይሸውድሽም።

በእንግሊዝኛስ? «ማይ ፋዘር ወርክስ ሂር» ሙሉ ነው። «ቢኮዝ ማይ ፋዘር ወርክስ ሂር» ጎዶሎ ነው። «ወርክስ» ግን በሁለቱም ቦታ ያው «ወርክስ» ነው። ማንም አልነካውም። ዓረፍተ ነገሩን ጥገኛ ያደረገችው በሩ ላይ የቆመችው «ቢኮዝ» ናት። የኛ ዓይን ደግሞ ምልክቱን ከግሱ ላይ መልቀም የለመደ ነው። ግሱን ያየዋል፣ ንጹሕ ሆኖ ያገኘዋል፣ «አለቀ» ብሎ ነጥብ ያደርጋል። ያንቺም ሆነ የብዙዎቻችን ስህተት እዚህ ጋ ነው። በአማርኛ መጨረሻውን እንደምታዪው በእንግሊዝኛ መግቢያውን እዪ።

መግቢያው ላይ ከሚቆሙት ውስጥ ቶሎ ቶሎ የሚያጋጥሙሽ እነዚህ ናቸው፦ «ቢኮዝ» እና «ሲንስ» (የኛ ስለ)፣ «ኦልዞ» (ቢሆንም)፣ «ኢፍ» እና «አንለስ» (ከ እና ካል)፣ «ዌን» እና «ዋይል» (ስ እና እየ)፣ «ቢፎር»፣ «አፍተር»፣ «አንቲል»። ጥገኛ አድራጊ እላቸዋለሁ። «አንድ» (የኛ እና)፣ «ባት» (ግን) እና «ሶ» (ስለዚህ) ግን ከነዚህ ውስጥ አይደሉም። «ባት ሂ ኔቨር ኮምፕሌንስ» ብትዪ በሰዋስው ደረጃ ሙሉ ነው። አንዳንድ መምህር መደበኛ ጽሑፍ በ«ባት» ሲጀመር አይወድም፤ እሱ የወግ ጉዳይ ነው።

እግረ መንገዴን፣ «በቢኮዝ ዓረፍተ ነገር አይጀመርም» የሚል ሕግ ሰምተሽ ይሆናል። ሕግ አይደለም። ለትንንሽ ልጆች የተሰጠ አጥር ነው፤ ልጆቹ ካደጉ በኋላም ሳይፈርስ የቀረ። «ቢኮዝ ዘ በስ ዋዝ ሌት፣ ዊ ዎክድ» ፍጹም ሙሉ ነው። አውቶብሱ ስለዘገየ በእግራችን ሄድን። ማሰሪያው «ዎክድ» አለልሽ። እንዲያውም የአማርኛን ቅደም ተከተል የያዘ ስለሆነ ለኛ ይቀናል። አሁን በአማርኛ ስትናገሪ ምክንያቱን አስቀድመሽ ማሰሪያውን ታስከትያለሽ አይደል? በእንግሊዝኛ ስትጽፊ ግን ዋናውን አስቀድመሽ፣ ነጥብ አድርገሽ፣ ምክንያቱን እንደ ትዝታ ታመጪዋለሽ። አንደኛውና ሁለተኛው መስመርሽ ልክ እንዲህ ነው የሆኑት። ነጥቡን አጥፊው፣ ይጋጠማሉ።

ስድስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። ተማሪ በብዛት የሚከራከረኝ እሱ ላይ ነው። «ዘ ዉማን ሁ ሴልስ ኮፊ ኒር ዘ በስ ስቴሽን።» «ባለቤቷ ሴትዮዋ፣ ግሱ ‹ሴልስ›፤ ምን ጎደለው?» ይሉኛል። ወደ አማርኛ መልሺው፦ «መናኸሪያው አጠገብ ቡና የምትሸጠው ሴት።» እሺ፣ ምን ሆነች? ታመመች? አገባች? ሰሚው አፉን ከፍቶ ቀረ። በአማርኛ «የምት» ግሱን አንገቱን ይዛዋለች፤ «የምትሸጠው» ማሰሪያ ሊሆን አይችልም። በእንግሊዝኛ «ሴልስ» ነጻ ይመስላል። ግን «ሁ» ወስዳዋለች። «ሴልስ» የሚሠራው ለ«ሁ» ነው፤ የትኛዋ ሴት እንደሆነች ለመለየት። ለሴትዮዋ ለራሷ የተረፈ ግስ የለም። «ዊች» እና «ዛት»ም እንዲሁ ያደርጋሉ።

ለዚህ ተማሪዎቼን የማስቆጥራቸው ቁጥር አለ። በነጥብና በነጥብ መካከል ያሉትን እውነተኛ ግሶች ቁጠሪ። ጥገኛ አድራጊዎቹን ቁጠሪ። ግሶቹ ቢያንስ በአንድ መብለጥ አለባቸው። ስድስተኛው ላይ ግስ አንድ፣ ጥገኛ አድራጊ አንድ። እኩል ለእኩል፤ ማሰሪያ የለም። «ዘ ዉማን ሁ ሴልስ ኮፊ ኖውስ ሂም» ብትዪ ግስ ሁለት፣ ጥገኛ አድራጊ አንድ። አንድ ተረፈ፤ ታሰረ። አንድ ተንኮል አለው። እንግሊዝኛ አንዳንዴ ጥገኛ አድራጊውን ይውጠዋል። «ዘ ኮፊ ሺ ሴልስ» ማለት የምትሸጠው ቡና ማለት ነው፤ መሃል ላይ «ዛት» ተውጣለች። ስትቆጥሪ የተዋጠችውንም ቁጠሪያት።

«እውነተኛ ግስ» ያልኩት በከንቱ አይደለም። «ዎኪንግ» ግስ ይመስላል፤ ግን አያስርም። ሰዋስዋችን ለዚህ ዓይነቱ «ቦዝ አንቀጽ» የሚል ስም አለው። ቦዝ፣ ሥራ ፈት። እኔ ስሙን በ«ኢንግ» ለሚያልቀው የእንግሊዝኛ ቃልም አውሰዋለሁ። ስምንተኛውን ስሚው፦ «ከመናኸሪያ እስከ ፒያሳ በዝናብ እየሄደ።» ልክ «እየሄደ» ማሰሪያ ለመሆን «ነው» ወይም «ነበር» እንደሚፈልግ «ዎኪንግ»ም «ኢዝ» ወይም «ዋዝ» ይፈልጋል። እንዲህ የሚገጥም ነገር በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ብዙ አይገኝም፤ ተጠቀሚበት።

ቦዙን ከእውነተኛው ለመለየት ጊዜውን ቀይሪበት። «ወርክስ» የሚለው ላይ «የስተርደይ» ብትጨምሪ «ወርክድ» ይሆናል። ትናንትን ያውቃል። «ዎኪንግ» ግን ትናንትም ዛሬም ነገም «ዎኪንግ» ነው። ጊዜ የማይነካው ግስ ብቻውን አያስርም። አምስተኛውም በዚሁ ይወድቃል። «ቱ ቪዚት አወር ግራንድማዘር» ማለት «አያታችንን ለመጠየቅ» ነው። «ለመጠየቅ» ብሎ የሚጨርስ ሰው አይተሽ አታውቂም። «ቱ ቪዚት»ም ጊዜ አይነካውም።

ግን «እየሄደ» እና «ዎኪንግ» የሚለያዩበትን አንድ ነገር ልንገርሽ። «እየሄደ» ስትዪ ሰውዬው ውስጡ አለ። ሴት ብትሆን «እየሄደች» ትይ ነበር። «ዎኪንግ» ማንንም አልያዘም። ስለዚህ ከኮማ በኋላ መጀመሪያ የሚመጣው ባለቤት መንገደኛው ራሱ መሆን አለበት። «ዎኪንግ ቱ ፒያሳ፣ ዘ ሬይን ስቶፕድ» ብለሽ ብትጽፊ በእግሩ ፒያሳ የወጣው ዝናቡ ይሆናል።

ስለ ማሰሪያ ካነሳን አይቀር፣ የኛ አገር ሰው የማሰሪያን ጉልበት በቀላሉ አያየውም። ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄጂ ሐይቅን አልፈሽ ውጫሌ ትደርሻለሽ። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። የአንቀጽ 17 ጠብ የአንድ ግስ ጠብ ነበር። የአማርኛው ማሰሪያ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ንጉሡ ከፈለጉ በኢጣልያ በኩል መላላክ ይችላሉ። ጣልያን በራሷ ቋንቋ የጻፈችውን ግን እንደ ግዴታ ቆጠረችው። በ1888 አድዋ ላይ ተገናኙ። ያንቺ ድርሰት ቢከፋ ቢከፋ ቀይ እስክሪብቶ ነው።

አሁን ሦስተኛው፣ በእርግጥ ቃል የጎደለው። «ኢዝ ሆተር ዛን ደሴ።» እዚህ ማሰሪያው አለ፤ የጠፋው ባለቤቱ ነው። ይሄም ከአማርኛ የመጣ ነው። «ከደሴ ይሞቃል» ስንል «ይ» ባለቤቱን ይዛለች። «ሄደች» አንድ ቃል ናት፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገርም ናት። ማን እንደሄደች፣ ሴት መሆኗ፣ አንድ መሆኗ፣ ሁሉም ውስጧ አለ። የእንግሊዝኛ ግስ ግን ድሃ ነው። «ዌንት» ብትዪ እኔ ነኝ፣ አንቺ ነሽ፣ እነሱ ናቸው? አይናገርም። ስለዚህ ባለቤቱ ከውጭ መቆም አለበት።

ባለቤት የሚሆን ነገር በሌለበትም እንኳ እንግሊዝኛ ቦታውን ባዶ አይተወውም። ሲዘንብ የሚዘንበው ማን ነው? ማንም። ሆኖም «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» ይላሉ። የ«ኢት» ሥራ ወረፋ ላይ እንደምናስቀምጠው ድንጋይ ነው፤ ሰውየው ባይኖርም ቦታው ተይዟል። አየር ንብረት፣ ሰዓት፣ ርቀት ስትጽፊ ድንጋይዋን አትርሺ። «ኢት ኢዝ ሆተር ዛን ደሴ።» አለቀ። እውነትሽንም ነው፤ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ የገባ ደሴዬ መጀመሪያ የሚያደርገው ጋቢውን መጣል ነው።

ትእዛዝ ብቻ ነው ከዚህ የሚያመልጠው። «ሲት ዳውን» ሙሉ ነው። የታዘዘው ሰው ፊት ለፊት ቆሟል፤ «ዩ» ማለት አያስፈልግም።

የግሱ መጥፋትስ? አማርኛ ብቻ የሚናገር ልጅ «ኢዝ»ን ብዙም አይረሳም፤ «ነው» ማለት ለምዷል። መድረሳ የተማሩ ልጆች ግን አንዳንዴ «ዘ ሃውስ ቢግ» ብለው ይጽፉልኛል። ጥፋታቸው አይደለም። በዐረብኛ «አልበይቱ ከቢሩን» ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ቤቱ ትልቅ ነው። «ነው» የሚል ቃል ግን የለበትም። ያንቺ አንቀጽ ውስጥ ይሄ ችግር የለም፤ የክፍል ጓደኞችሽ ላይ ግን ልታዪው ትችያለሽ።

ፈተና ላይ ስትሆኚ ይሄን ሁሉ መተንተን አትችዪም። በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ መንገድ ልስጥሽ። ጥያቄ አድርጊው። «ማይ ፋዘር ወርክስ ሂር» ወደ «ደዝ ማይ ፋዘር ወርክ ሂር?» በቀላሉ ይዞራል። «ቢኮዝ ማይ ፋዘር ወርክስ ሂር» የሚለውን ለማዞር ሞክሪ። ምላስሽ ይያዛል። ያ መያዝ ነው መልሱ። እዚህ ጋ ግን ማጭበርበር አለ። ስድስተኛውን ስታዞሪ ሳታውቂው «ሁ»ን ትጥዪና «ደዝ ዘ ዉማን ሴል ኮፊ?» ትያለሽ፤ ሠራልኝ ብለሽም ታልፊያለሽ። አንድም ቃል ሳትጥዪ ነው የምታዞሪው።

ሌላው መንገድ ፊቱ ላይ «አይ ኖው ዛት» መጨመር ነው። «አይ ኖው ዛት ሺ ኖውስ ሂም ዌል» ይቆማል። «አይ ኖው ዛት ዎኪንግ ፍሮም ዘ ስቴሽን» ይንጠለጠላል። ለጥያቄና ለትእዛዝ ይሄ አይሠራም፤ ለተራ ዓረፍተ ነገር ግን ደህና ነው።

ድርሰትሽን ስታርሚ ደግሞ ከታች ወደ ላይ አንብቢ። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አስቀድሚ፣ ከዚያ ከሱ በላይ ያለውን። ከላይ ወደ ታች ስታነቢ ያለፈው ሐሳብ ጆሮሽ ውስጥ ስላለ ጎዶሎውን ራስሽ ትሞይለታለሽ። ለዚህ ነው የጻፈ ሰው የራሱን ፍራግመንት የማያየው። ከታች ስትጀምሪ ግን «ቱ ቪዚት አወር ግራንድማዘር» ብቻውን ራቁቱን ይመጣብሻል። ማን? መቼ? ወዲያው ታዪዋለሽ።

ፍራግመንት ሁሌ ኃጢአት ነው ማለቴ ግን አይደለም። «ለምን ዘገየሽ?» ላለሽ ሰው «ቢኮዝ ዘ በስ ዋዝ ሌት» ብለሽ ብትመልሺ ልክ ነሽ፤ ማሰሪያውን ጠያቂው ይዞልሻል። የታክሲ ረዳት «ፒያሳ! ፒያሳ!» ሲል ግስ የለውም፣ ሰው ግን ይገባል። ማስታወቂያ፣ ርእስ፣ ልብ ወለድ ውስጥ ያለ ንግግር፣ ሁሉም ይጠቀሙበታል። የክፍል ድርሰት ላይ ግን መምህሩ የሚያየው ማሰር መቻልሽን ነው። መጀመሪያ ማሰር መቻልሽን አሳዪው፤ መፍታቱ በኋላ ይመጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ከወዲሁ ላስጠንቅቅሽ። ነጥብ ማጥፋት ሲለመድ እጅ ይበዛል። «ሺ ኖውስ ሂም ዌል፣ ሂ ኔቨር ኮምፕሌንስ» ብለሽ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን በኮማ ብቻ ከገጠምሽ ሌላ ቀይ ይመጣል። ሁለት የታሰረ ሸክም በኮማ አይያያዝም። ወይ ነጥብ፣ ወይ እንደ «አንድ» (እና) ያለ ቃል ከኮማ ጋር። ኮማ ብቻዋን የምትበቃው አንደኛው ወገን ጥገኛ ወይም ቦዝ ሲሆን ነው።

አንቀጽሽን አስተካክዬ ልመልስልሽ፦

«አይ ሊቭ ኢን ኮምቦልቻ ቢኮዝ ማይ ፋዘር ወርክስ ሂር። ኢት ኢዝ ሆተር ዛን ደሴ። ኤቭሪ ሰንደይ ማይ ብራዘር ጎስ ቱ ደሴ ቱ ቪዚት አወር ግራንድማዘር። ዘ ዉማን ሁ ሴልስ ኮፊ ኒር ዘ በስ ስቴሽን ኖውስ ሂም ዌል። ዎኪንግ ፍሮም ዘ ስቴሽን ቱ ፒያሳ ኢን ዘ ሬይን፣ ሂ ኔቨር ኮምፕሌንስ።»

ዘጠኙ አምስት ሆነ። የጨመርኩት ቃል አንዲት «ኢት» ናት። ያወጣሁት አንዲት «ሺ»፤ ሴትዮዋ ራሷ ባለቤት ስለሆነች ምትክ አያስፈልጋትም። ሦስት ነጥብ ጠፋ፣ አንድ ነጥብ ወደ ኮማ ተቀየረ። የቀረው ሁሉ ያንቺው ነው። ወንድምሽ ግን በዝናብ ጊዜ ባጃጅ ቢይዝ ምን አለበት?